የጋሽ እሸቴ ግራ ኪስ

የጋሽ እሸቴን ማረፍ የሰማሁት ወልድያ፣ ከምሠራበት የእህል መጋዘን በር ላይ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ ታናሽ እኅቴ ናት። መጀመሪያ ስለ እናቴ ጉልበት፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወራችኝና ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ ጫማ ጠባቂው ሰውዬ ዐርፈው ትናንት መቀበራቸውን እንደዋዛ ጣል አደረገችልኝ። ለምን ቀድማ እንዳልነገረችኝ ጮህኩባት። «ምንህ ናቸው ደግሞ?» አለችኝ። ዘመዴ አይደሉም፤ ጎረቤቴም አለቃዬም አልነበሩም። የፈረንጅ ጫማ ከሚጠብቁበት ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ለዓመታት እንግዳ የጠበቅሁ አስጎብኚ ነበርኩ፤ ዝምድናችን ይኸው ነው። የአንዲት ሃምሳ ብር ጉዳይም አለች፤ ወደ እሷ እመጣለሁ።

ላሊበላ ሄዶ የማያውቅ ካለ ላስረዳው። ቤተ ክርስቲያኖቹ ውስጥ በጫማ አይገባም። እንግዳው በአንዱ ደጅ አውልቆ ይገባል፣ ብዙ ጊዜ በሌላው ይወጣል፣ ጫማውን ከደጅ ደጅ ተሸክሞ የሚያደርስለት ጫማ ጠባቂው ነው። እንግዳው በመጨረሻ ጉርሻ ቢጤ ይሰጣል። እኛ አስጎብኚዎች ቋንቋ ስለምናውቅ ራሳችንን እንደ ትልቅ ሰው እንቆጥር ነበር፤ ጫማ ጠባቂን ደግሞ ከጫማው እምብዛም አንለየውም ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዕድሜዬ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጋሽ እሸቴ ረጅም፣ አንገታቸው ወደ ፊት ደፋ ያለ ሰው ነበሩ። የቤተ ማርያም ደጃፍ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ቀይ ድንጋይ ነበረቻቸው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥባትም። የእያንዳንዱን ጫማ አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ያራግፉና አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው ያስቀምጡታል። ሰውዬው ሲወጣ እግሩን ብቻ ይከታል፤ ተጎንብሶ ግራና ቀኙን አይፈልግም። ስለ ዐጤ ላሊበላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አፌ እስኪደርቅ የተናገርኩለት እንግዳ እኔን በጭብጨባ ሸኝቶ፣ እሳቸውን ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ይሄዳል። ይቺ ነገር ታናድደኝ ነበር።

ክረምት ከበጋ የሚለብሱት አንድ ወፍራም የካኪ ኮት ነበራቸው። ቀኝ ኪሱ የቤት ነው። ግራ ኪሱ የእሳቸው አልነበረም። የቀኑ የመጀመሪያ ጉርሻ፣ የአንድ ብር ድፍንም ይሁን የአሥር ዶላር ኖት፣ ሳያዩት ግራ ኪስ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ባይመጣ እንኳ አይወጣም። ከቀሪው ደግሞ ከዐሥር አንድ አስራት ያወጣሉ። አስራት ካወጡ ሰጡ ማለት አይደለም ወይ፣ ግራ ኪሱ ምን ያደርጋል ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። ጫማ እያራገፉ፣ «አስራት የእግዜር የራሱ ነው» አሉኝ። «የሰው ዕቃ ለባለቤቱ መልሰህ ሰጠሁ ትላለህ? መስጠት የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ሲሰጡ ያየ አልነበረም። የኔ ቢጤ ሲመጣ ከቀኝ ኪሳቸው ሳንቲም ያወጣሉ፤ ግራውን አይነኩም። አንድ ጊዜ አንድ ፈረንሳዊ እግራቸው ላይ ያለውን ኮንጎ ጫማ አይቶ የራሱን ቡትስ አውልቆ ሰጣቸውና በካልሲ ወደ ሆቴሉ ሄደ። እኛ ጋሽ እሸቴን በቡትስ ለማየት ጓጓን። ቡትሱ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተሸጠ፤ ጋሽ እሸቴም ሰኞ በኮንጎ ጫማቸው መጡ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ወልድያ ላይ ቤት እያሠሩ ነው ብለን ደመደምን። «ጋሽ እሸቴ፣ ፎቁ የት ደረሰ?» እንላቸዋለን። «ጣሪያው ብቻ ቀርቷል» ይሉና ከእኛ እኩል ይስቃሉ።

የግራ ኪሱን ምሥጢር ያወቅሁት አባቴ ሲሞት ነው። ከሰልስቱ በኋላ ቤታችን መጥተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ውለታ እንደሚለምን ሰው ጭንቅ ብሏቸዋል። ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ አሉኝ። ይቺን ሃምሳ ብር ያዝልኝ፣ ቤት ካለች አስካለ ታጠፋብኛለች፣ ስፈልጋት እወስዳታለሁ፣ ድንገት ከቸገረህ ተጠቀምባትና ትተካታለህ አሉ። አስካለ ሚስታቸው ናት። አዘንኩላቸው። ሽማግሌ ሰው በገዛ ሚስቱ እንዲህ ይሆናል እያልኩ ብሯን ተቀብዬ በሳምንቱ ጨረስኳት። ግማሿ ለእናቴ ዘይትና ስኳር ሆነች፤ ግማሿ ሸሚዝ ሆነች፣ አልዋሽም።

ከዚያ መሸሽ ጀመርኩ። ላሊበላ ላይ ከሰው ለመሸሸግ መግቢያና መውጫ ሞልቷል፤ ጨለማ ዋሻ እንኳ አለ። እሳቸው በዚህ ደጅ ሲሆኑ እኔ እንግዶቼን በዚያ እያዞርኩ ከታሪኩ ቅደም ተከተል ውጭ አስጎበኝ ነበር። ዓመት አለፈ፣ አልጠየቁኝም። በኋላ አንድ ጓደኛዬ፣ ጋሽ እሸቴ ለእሱም «ያዝልኝ» ብለው ሠላሳ ብር እንደሰጡት ነገረኝ፤ እናቱ ታማ በነበረችበት ሰሞን ነው። ቀስ እያልን ስንጠያየቅ በአገሩ ስንቱ ሰው የጋሽ እሸቴን አደራ ይዞ እንደሚኖር አወቅን። ሁሉም በቸገረው ሰሞን የተሰጠው ነው፤ መልስ ብለው የጠየቁት ሰው ግን የለም።

መንገዳቸው ይህ ነበር። የሚቀበለው ሰው ዓይን መሬት ሲያይ ማየት አይችሉም። ስለዚህ ለማኙ እሳቸው ይሆናሉ፤ ሰውዬው ውለታ የዋለላቸው መስሎት ቀና ብሎ ይቀበላል። ወንጌሉ በስውር ስጡ ማለቱን ከልባቸው ያዙት፤ እንዲያውም ከተባለው በላይ ደበቁት። የተበደለችው እትዬ አስካለ ናት። በሕይወቷ አንዲት ስሙኒ ያለቦታዋ አጥፍታ የማታውቅ ሴት፣ በግማሽ ላሊበላ ዘንድ ገንዘብ አባካኝ ተብላ ስሟ ወጣ።

አሁን ስለ እትዬ ፈንታነሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የተበላሸው እሷ ላይ ነው። ባሏ ካሣ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ ያከራይ የነበረ፣ የጋሽ እሸቴ የሰንበቴ ወንድም ነው። በአንድ ክረምት ታሞ ሞተ፤ በቅሎዋም ለመታከሚያው ተሸጣ ነበር። እትዬ ፈንታነሽ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች ደሳሳ ቤቷ ጥጥ እየፈተለች ቅዳሜ ቅዳሜ ፈትል ይዛ ገበያ ትወጣለች። ጋሽ እሸቴም ቅዳሜ ቅዳሜ በፊቷ ያልፋሉ። የመጀመሪያውን ቀን የተለመደውን የአደራ ወግ ነገሯት። ከዚያ በኋላ ብሯን እጇ ላይ ጣል እያደረጉ፣ ይቺንም ከዚያች ጋር አድርጊልኝ ብለው ይሄዳሉ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ቀጠለ። እሳቸው ሴትዮዋ የምትበላው፣ ከዕለት ጉርሷ ተርፎም አንዲት በግ የገዛችበት ይመስላቸዋል።

ከዚያ የድንበሩ ጦርነት መጣ። ፈረንጅ ጭራሽ ጠፋ። አውሮፕላን ሲያርፍ እየሮጥን ብንሄድ የሚወርዱት ወታደርና የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ከእኛ ከአስጎብኚዎቹ አንዳንዱ ወደ ወልድያ፣ አንዳንዱ ወደ አባቱ እርሻ ተበተነ። ጋሽ እሸቴ ግን ማለዳ ማለዳ መጥተው ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ። ፊታቸው አንድ ጫማ የለም። እነ እትዬ አስካለ በጎቻቸውን ሸጡ፣ ቀጥሎ የእሷን የብር ማተብ ሸጡ። ግራ ኪሱም ቀኝ ኪሱም ባዶ ሆነ። እኔ መሄጃ ካላገኙት ነበርኩና አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ሃምሳ ብሯን እንዳያነሱብኝ እየሰጋሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ፈንታነሽ የዐለቱን ግድግዳ በእጇ እየዳሰሰች መጣች። ካየኋት ወራት አልፈዋል። ግራ ዓይኗ ነጭ ሆኗል፤ ቀኙ ደም መስሎ እንባው ይወርዳል። ጋሽ እሸቴን በድምፃቸው አገኘቻቸውና ከጉያዋ አንድ ቋጠሮ ጨርቅ አውጥታ ድንጋያቸው ላይ አስቀመጠች። እንግዳ መጥፋቱን፣ በጎቹ መሸጣቸውን መስማቷን፣ ይህን እያወቀች አደራቸውን ይዛ መቀመጥ ከብዷት መምጣቷን ነገረቻቸው። ጨርቁ ሲፈታ የተጣጠፉ ብሮች ከአንድ ክንድ ፈትል ጋር ወጡ። ፈትሉ ላይ ቋጠሮዎች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ቅዳሜ አንድ።

«ይቁጠሩልኝ፣ አያ እሸቴ» አለች። «አልጎደለም።»

ጋሽ እሸቴ አልቆጠሩም። ዓይኗን ነበር የሚያዩት። ምን እንደነካት ጠየቋት። የዓይን ማዝ መሆኑን፣ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኗን ሲፍቃት መክረሙን፣ በወረንጦ እየነቀለች ብትታገለውም እንዳልቻለችው ነገረቻቸው። የጤና ጣቢያው ሰው ገና ድሮ፣ ደሴ ሄደሽ ካልታከምሽ ሁለቱም ይጠፋሉ ብሏት ነበር።

«ታዲያ ምነው ሳትሄጂ?»

«በምን ገንዘብ?»

ጋሽ እሸቴ ድንጋዩ ላይ ያለውን ብር አዩ፤ እኔም አየሁ። ለመንገዱም ለማደሪያውም ለመድኃኒቱም የሚበቃ ነበር። «ይሄ እያለሽ?» አሉ።

«ይሄማ የእርስዎ ነው። ሲቸግርሽ ተጠቀሚና ትተኪያለሽ ብለውኝ ነበር፤ በምን እተካዋለሁ? የሰው አደራ በልቼ የዳነ ዓይን ምን ያይልኛል?»

እኔ አጠገባቸው ሆኜ ሸሚዜ አቃጠለኝ። ያው የሃምሳ ብሯ ሸሚዝ ነበር።

ጋሽ እሸቴ ከድንጋያቸው ተነሥተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ገንዘቡ ከመጀመሪያው የእሷ እንደነበር፣ አደራ ያሉት ለሰበብ እንደሆነ ነገሯት። እትዬ ፈንታነሽ ለጊዜው የገባት አልመሰለኝም። ለምን እንዲህ እንዳላሏት ጠየቀች። ታፍሪያለሽ ብዬ ነው አሏት።

«እኔ ባሌን ቀብሬ፣ ማዳበሪያ ዘርግቼ ገበያ መሐል የምቀመጥ ሴት ነኝ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ምን አሳፍሮኝ? ያፈሩትስ እርስዎ ነዎት፣ አያ እሸቴ።»

በሕይወቴ ሰው በዚህ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ሲመታ አይቼ አላውቅም። ብሩን ሰብስበው እጇ ላይ ሊያስይዟት ሞከሩ፤ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ቀኝ ዓይንሽ ሳይጠፋ ነገውኑ ተነሺ ብለው ለመኗት። እንዲህ በጥግ አልቀበልም አለች። ደሴ ደርሳ ስትመለስ አገሩ ገንዘቡን ከየት አመጣችው፣ ከማን ጋር ሆና አገኘችው ማለቱ እንደማይቀር፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ስሟን ብቻ ይዛ እንደቀረች አስረዳቻቸው። ነገ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ሲሰበሰብ፣ እትዬ አስካለ አጠገባቸው ቆማ፣ በስሟ ጠርተው ከሰጧት ትቀበላለች። አለዚያ ግን ሁለተኛውም ዓይን ይሂድ አለች። ይህን ብላ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄደች፤ ቋጠሮውን ትታው።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ነገ ተነሥቶ መስጠት ነው እንጂ ምን ችግር አለው? ለጋሽ እሸቴ ግን ከዚያ የከበደ ነገር አልነበረም። ክንዴን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ምስጋናው ሄዱ። ቄሱ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጽናጽል ይጠግኑ ነበር። ጋሽ እሸቴ ሁሉንም ተናዘዙ፤ እኔ ራቅ ልል ብነሣ ተቀመጥ አሉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰጡትን ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም። ነገ በጉባኤ ፊት ቆመው ከሰጡ ዋጋቸውን ከሰው ተቀበሉ ማለት ነው፤ በሰማይ ምን ይቀራቸዋል? የሚጨነቁት ለነፍሳቸው ነበር፤ የምራቸውን ነው።

ቄስ ምስጋናው ጽናጽሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «አደራ ባልካት ጊዜ ለፈንታነሽ ገንዘብ እንጂ የራስህን ነገር አልሰጠሃትም» አሏቸው። «ገንዘቡ ብቻውን ካልበቃት ዋጋህንም ስጣት።»

ጋሽ እሸቴ መስቀሉን ተሳልመው ተነሡ።

ቀጥሎ እትዬ አስካለ ነበረች። ቤት ስንደርስ የተቆላ ሽምብራ ለምሳ አቅርባ ጠበቀችን፤ ሌላ የሚበላ አልነበረም። ቋጠሮውን ባየች ጊዜ ፊቷ በራ፤ እግዜር ራሱ መልሶ ላከልን አለች። ጋሽ እሸቴ አልተቃወሟትም። የማን እንደሆነ፣ የፈንታነሽ ዓይን ምን እንደሆነ፣ ፈንታነሽ ምን እንዳለች ነገሯት። ከእኔ ጋር ቁሚ ብለው አልለመኗትም፤ ውሳኔው የእሷ መሆኑን ያውቃሉ። እትዬ አስካለ ፈትሉን አንሥታ በጣቶቿ ታየው ጀመር። እሷም ፈታይ ናት። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች እስከ መጨረሻው ደረሰች።

«ይህን ሁሉ ቅዳሜ» አለች፣ «ሰው ገንዘብ አጥፊ ሲለኝ ዝም ያልከው ለዚህ ነው?»

ጋሽ እሸቴ አንገታቸውን ይበልጥ ደፉ።

«በበግ ብታሳብብ ምን ነበረበት? በሌባ ብታሳብብስ?» ብላ ጥቂት አለቀሰች፣ ጥቂትም የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ብሩን መልሳ በጨርቁ ቋጥራ፣ ለነገ የምትለብሰውን ነጠላ ልታጥብ ወጣች።

በማግሥቱ ሰንበቴው ተሰብስቦ ዳቤው፣ የሰንበቴው ዳቦ፣ ከመቆረሱ በፊት ጋሽ እሸቴ ተነሡ። እትዬ አስካለ በቀኛቸው ቆመች። እንደዚያ ቀን ላብ ሲያጠምቃቸው አይቼ አላውቅም። ድምፃቸው መጀመሪያ አልወጣም፤ አንድ ሽማግሌ ጮክ በል አሏቸው። እሳቸውም፣ ይህ ገንዘብ የፈንታነሽ ነው፣ ከእኔና ከአስካለ የተሰጠ፣ አደራ አይደለም፣ ስጦታ ነው አሉ። በዚያ ላይ አስካለ አንዲት ሳንቲም አጥፍታብኝ አታውቅም ብለው ጨመሩ፤ ግማሹ ሰው የዚህኛው ትርጉም ስላልገባው ተያየ። እትዬ ፈንታነሽ ወደ ድምፁ መጣች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ተቀበለች። ፊቷን ወደ ሕዝቡ መልሳ፣ «ከአያ እሸቴና ከእትዬ አስካለ ተቀብያለሁ፤ ለዓይኔ ነው» አለች። ምሳ የምትሰጥ ያህል ቀላል አድርጋ ነው ያለችው። ከሁለቱ ቀና ብላ የቆመችው ተቀባይዋ ነበረች።

ሰኞ ማለዳ እትዬ አስካለ ያለችውን ገብስ ፈጭታ በሶ ቋጠረችላት። እትዬ ፈንታነሽ ከአክስቷ ልጅ ጋር ጋሸና ወርዳ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ገባች። የዓይኗን ቆብ ቀዶ የሰፋላት ሐኪም ቀኝ ዓይንሽ ይተርፋል፣ ግራው ግን ቀደም ብትመጪ ነበር አላት። ስትመለስ በቀጥታ ወደ ቤተ ማርያም መጣች። ጋሽ እሸቴን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና፣ አያ እሸቴ ለካ ይህን ያህል ሸብተዋል አለቻቸው። ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዐለቱ አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

ጦርነቱ አልቆ እንግዳ መመለስ ሲጀምር ግራ ኪሱም ሥራውን ጀመረ፤ «ያዝልኝ» የሚባለው ነገር ግን ቀረ። ጋሽ እሸቴ ሰው ፊት ቆመው ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው እያሉ ይሰጡ ጀመር። አይችሉበትም ነበር። እንደ ሙሽራ ያፍራሉ፣ ይንተባተባሉ፣ አንዳንዴ ሰጥተው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሰው ሲያመሰግናቸው ወይም ጻድቅ ሲላቸው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የፈንታነሽን ግራ ዓይን ጠይቁ» ይላሉ። ለትሕትና ያህል የሚሉት አልነበረም። ያን ዓይን እስከ መጨረሻው ተሸክመውት ኖሩ፣ እኛም ልናወርድላቸው አልቻልንም።

የኔን ነገር ያነሱት በዚያው ሰሞን ነው። ጫማ እያዞሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ ያቺን ሃምሳ ብር በላሃት ወይ አሉኝ። በላኋት አልኩ፤ የተደበቅሁባቸውን ዋሻዎች ሁሉ እያሰብኩ። «ተመስገን» አሉ፣ እፎይ ብለው። «አንድ ሰው እንኳ ገብቶታል።»

ለአርባቸው ከወልድያ በሌሊት ተነሥቼ ሄድኩ። እትዬ አስካለ አቅፋኝ አለቀሰችና፣ አንድም ነገር ሳይደብቀኝ ሞተ አለችኝ። ፍትሐቱ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሲደረስ ሰዉ ብዙ ስለነበር የቤተ ማርያም ደጃፍ በጫማ ተሞልቷል፤ ኮንጎው፣ በረባሶው፣ የእኛ የከተሜዎቹ የቆዳ ጫማ ተደበላልቋል። አዲስ ጫማ ጠባቂ ገና አልተመደበም። ጸሎቱ ሲያልቅ ወጥቼ ጫማዬን ልፈልግ ስጎነበስ፣ ሁሉም ጫማ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ተሰልፏል። ድንጋዩ አጠገብ እትዬ ፈንታነሽ ቁጢጥ ብላለች። በአንድ ዓይኗ የአንዱን ባልና ሚስት ጫማ እየለየች ትደረድራለች። ድንጋዩ ላይ አልተቀመጠችም።

እግሬን ከተትኩ። ለመንገድ ይዤው ከመጣሁት አንድ የሃምሳ ብር ኖት ለይቼ እንደልማዳችን በጨበጥኩት እጄ ውስጥ ሸሽጌ፣ ሰው እንዳያየኝ ወደ እሷ ጠጋ አልኩ። እጇን አልዘረጋችም። ቀና ብላ አየችኝ።

«አደራ ነው ወይስ ስጦታ?»

ዙሪያችን ካህናቱ፣ የሰንበቴው ሽማግሌዎች፣ እኅቴ፣ አገሩ ሁሉ ቆሟል። ፊቴ ጋለ። ጋሽ እሸቴ በዚያ እሑድ ምን ተሰምቷቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን ከፈትኩና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ስጦታ ነው፣ እትዬ ፈንታነሽ። ያንቺ ነው» አልኩ።

የያዘችውን ጫማ አስቀምጣ ተነሣች፤ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።